የማነጻጸሪያ ቡድን

«ግማሾቹ እኮ ባዶ ሸክላ ናቸው» አለች ወጣቷ፣ የታጠፉትን ነጫጭ ጋዎኖች ከባንኮኒው ላይ እያነሳች። አብሯት የመጣው ባለመነጽር ዶክተር ሳቅ አለና፣ «ባዶው ባይኖርማ የሌላው መሥራቱ በምን ይታወቃል?» አላት። ከዚያ ስለ መኪና ማቆሚያ እያወሩ ወጡ። ከባንኮኒው ጀርባ የእንፋሎት ካውያ የጨበጠች ሴት መቆሟን ሁለቱም ልብ አላሉም፤ ወይም ልብ ብለው እንደ ላውንደሪው ዕቃ ቆጥረዋታል። ጋዎኖቻቸውን በየሳምንቱ የምትተኩሰው እሷ ናት። በየኪሳቸው የረሱትን እስክሪብቶና ማስቲካ በላስቲክ ቋጥራ የምትመልስላቸውም እሷው ናት።

ሰፈርተኛው «ካውያ» ብሎ የሚጠራት በሥራዋ ብቻ አይደለም። ቶሎ ትግላለች፣ ከጋለች ደግሞ ቶሎ አትበርድም። ያን ጠዋት ግን ከጆሮዋ የገባው ነገር እስከ እግሯ ድረስ አቀዘቀዛት። የያዘችውን የሸሚዝ ኮሌታ የመቃጠል ሽታ እስኪሸት ድረስ ካውያውን ከላዩ ማንሳት ረሳች። ባዶ ሸክላ የተባለው ምን እንደሆነ የሚያስረዳት አላስፈለጋትም፤ አንዱ የራሷ ማድ ቤት ተቀምጧል። የምርምር ፕሮጀክቱ ሰዎች ወደ ሕንፃቸው የመጡት ቧንቧው ቡናማ ውሃ ማምጣት የጀመረ ሰሞን ነበር። ለየቤቱ ቧንቧ ያለው ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ፣ በውስጡም ጎድጎድ ያለ የውሃ ማጣሪያ ሸክላ አደሉ። ሸክላው ውስጥ ዓይን የማያየው፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የብር ብናኝ አለ፣ ተቅማጥ የሚያመጣውን ጀርም ይገድላል፣ «ናኖ» ይባላል አሉ። ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ናኖን የዶክተሩ ስም አድርገው ይዘውት ነበርና ዶክተሩን ባዩት ቁጥር «እንዴት ዋሉ ዶክተር ናኖ» ይሉታል፤ እሱም እጅ ይነሳል።

በስብሰባው ዕለት ዶክተሩ ብዙ ተናግሯል። «አንዳንዶቻችሁ በማነጻጸሪያ ቡድን ውስጥ ትመደባላችሁ» ማለቱን ካውያ ደህና አድርጋ ታስታውሳለች፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት «እሱ ውስጥ ባደረገን!» ብላ በሹክሹክታ ተመኝታለች። ማነጻጸሪያ ሲባል ውሃውን ይበልጥ የሚያነጻው፣ ማለፊያው መስሏት ነው። ካውያም መስሏት ነበር። ሁሉም ፈረመ፣ መፈረም ያልቻለው ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ፣ ከዚያ ሻይና ብስኩት ተበላ። እና አሁን ካውያ እየተኮሰች ይህን ቃል እንደ ዳቦ ለሁለት ገመሰችው፦ ማንጻት ሳይሆን ማነጻጸር። ከምኑ ጋር? የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር?

የሷ ልጅ ሚጡ ናት። ገና መናገር የጀመረች፣ አባቷ ሌላ ከተማ ሌላ ቤት ያለው፣ ክንዷ ከማጣሪያው ወዲህ እንኳ ሥጋ ያልያዘ ልጅ። በዚህ ሳምንት ብቻ ደጋግሞ አስቀምጧታል። ትናንት ጤና ጣቢያ ወስዳት በከረጢት ያለ ጨውና ስኳር ሰጥተው መልሰዋታል። ፊት ለፊቷ የሚኖሩት የወንድሟ ልጆች ግን ያው ውሃ ይጠጣሉ፣ ደረጃውን በሩጫ ይወጣሉ፣ ጉንጫቸው ሊፈነዳ ደርሷል። ያው ውሃ ይሆን? ወንድሟ የማን መኪና ነው የሚነዳው? የፕሮጀክቱን። ማጣሪያዎቹን ከመጋዘን ጭኖ፣ ደረጃ ለደረጃ ተሸክሞ ለየቤቱ ያስገባው ማን ነው? ወንድሟ። ካውያ ሶኬቱን ነቀለችና ለላውንደሪው ባለቤት ራሷን እንዳመማት ነገረቻት። ሴትየዋ የተቃጠለውን ኮሌታ እያገላበጠች «ራስሽን መሆኑ ያስታውቃል» አለቻት።

ወንድሟን ያገኘችው ፕሮጀክቱ ግቢ ውስጥ የሚነዳውን መኪና ሲያጥብ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ፣ የበሩን ጭቃ በጨርቅ እየፈተገ ነበር። ሲያያት ደነገጠ።

«እታለም! ምነው በደህና? ሚጡ ባሰባት?»

«ሚጡማ መታመም ሥራዋ ሆኗል። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ከማጣሪያዎቹ ግማሾቹ ባዶ ናቸው የሚባለው እውነት ነው?»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረው፣ አወጣው፣ ጨመቀው። «ማን ነገረሽ?» አላት።

ሐሰት ነው አላለም። ምን ማለትሽ ነው አላለም። ማን ነገረሽ። ካውያ ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሁሉ የሰማችው በዚያች ጥያቄ በኩል ነው። «እኔ ሹፌር ነኝ፤ የጫኑልኝን አደርሳለሁ። የቱ የማን እንደሆነ ዶክተሮቹ ራሳቸው አያውቁም። ዕጣውን ያወጣው ኮምፒውተር ነው። እንዳያዳሉ ሆን ተብሎ ተሰውሮ ነው የሚሠራው» አላት። እሷም «ዕጣው ከወጣ በኋላስ? ኮምፒውተሩ ነው ተሸክሞ ደረጃ የወጣው?» አለችው። ወንድሟ ልጅ ሆኖ ስኳር ሰርቆ ሲያዝ እንደሚያደርገው ጆሮውን ማከክ ጀመረ። ዘበኛው ወደሚቆምበት በር ዞር ብሎ አየና፣ «ማታ ቤት እንነጋገር፣ እባክሽ፤ እንጀራዬን እንዳታሳጪኝ» አላት። ለሷ በቂ ነበር። ዞራ ወጣች።

መንገድ ላይ ድሮ ያለፉ ነገሮች ሁሉ ተሰልፈው መጡላት። የወንድሟ ሚስት፣ ሕንፃው ሁሉ «ኮሚቴዋ» የሚላት፣ የውሃ ኮሚቴ፣ የጥበቃ ኮሚቴ፣ የለቅሶ ኮሚቴ፣ ያለሷ የሚጠራ ስብሰባ የሌለ፣ ስለዚህ ማጣሪያ ግን አንድም ቀን አፏን ከፍታ አታውቅም። ካውያ አንዴ «ውሃው እንዴት እንደሚጣፍጥ!» ብትላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሳህን ማጠብ ቀጥላለች። ሰው የሚያፍርበት ነገር ከሌለው ለምን ፊቱን ያዞራል? ወንድሟስ ቢሆን፣ በመጣ ቁጥር «ሚጡ ውሃውን በደንብ ትጠጣለች?» እያለ የሚጠይቀው ከምን አንጀቱ ነው? የጸጸት ጥያቄ ነው ያ። ካውያ ገበያውን አቋርጣ፣ ከጋዝ ሻጩ ሱቅ ፊት የተኮለኮሉትን ባዶ ሲሊንደሮች ተራምዳ፣ ሕንፃው ጋ ስትደርስ ፍርዱ አልቆ ነበር፤ የቀረው ቅጣቱ ብቻ ነው።

ኮሚቴዋ ምሳ አቅርባ ጠበቀቻት። ካውያ ሥራ ስትውል ሚጡን የምትይዝላት እሷ ናት፤ በክፍያ አይደለም፣ በዝምድና ነው፤ በዝምድና በመሆኑም ስለሱ ተነጋግረው አያውቁም። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሶፋው የአልጋ ልብስ ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ይበራል፣ የልጆቹ ዩኒፎርም ከመስኮቱ ዘንግ ላይ ተንጠልጥሏል። ሚጡ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ የፕላስቲክ ማንኪያ ታኝካለች። እናቷን ስታይ ፈገግ አለች እንጂ አልተነሳችም። ሁለቱ ሴቶች ሩዝና ድንቹን መሐላቸው አድርገው ተቀመጡ።

«ዛሬ ምነው በጊዜ?» አለች ኮሚቴዋ።

«ራሴን።»

«ሳሙና ደግሞ ጨመረ አሉ።»

«ምን ያልጨመረ አለ።»

ካውያ በግማሽ ክፍት ከሆነው የማድ ቤት በር ባሻገር ነጩን ባልዲ ታያለች። ከቧንቧው ጫፍ ጠብታ ይወርዳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ሌላ ይወርዳል። ያ ጠብታ ሁሉ ከልጇ አፍ የተነጠቀ መሰላት። ኮሚቴዋ ቀና ብላ ዓይኗን ተከትላ ወደ ባልዲው አየች፤ ከዚያ ወደ ካውያ አየች፤ ከዚያ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። ካውያ ይህንንም መዝግባ ያዘችው። ብዙም ሳይቆይ ኮሚቴዋ የታጠበ ልብስ የሞላ ሳፋ ወገቧ ላይ አድርጋ «ላሰጣ ልውጣ፤ ልጅቷን እያት» ብላ ወደ ሰገነት ወጣች።

ካውያ እግሯን ስሊፐር ውስጥ ሳታስገባ ነው የተነሳችው። ባልዲው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አልነካችም፤ ሳምንታዊ ናሙና የምትወስደው ነርስ የምታየው እሱን ነው፤ የውስጡን ሸክላ ግን ማን ያውቀዋል? ክዳኑን ከፈተች፣ ሸክላውን በሁለት እጇ አወጣችው። ርጥብና ከባድ ነበር። እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋው፣ ቀሚሷ በውሃ እየራሰ፣ መተላለፊያውን አቋርጣ ቤቷ ገባች። ከራሷ ባልዲ ውስጥ የራሷን አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አየቻቸው። አሸተተቻቸው። በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገቻቸው። መንታ ነበሩ። ብሩ አለ የሚባለው በዓይን አይታይ፣ በአፍንጫ አይሸት፣ በእጅ አይዳሰስ፤ ያለውና የሌለው አንድ ዓይነት ነው። ለአንድ አፍታ የቱ የማን እንደነበር ለራሷም ተምታታባት። ከዚያ የወንድሟን ቤት ሸክላ እሷ ቤት ባለው ባልዲ ውስጥ ከተተች፣ የራሷን ታቅፋ ተመለሰች። ክዳኑን እየገጠመች ሳለ በሩ ተከፈተ። ኮሚቴዋ የልብስ መቆንጠጫ ረስታ ኖሯል የተመለሰችው።

ከካውያ የራሰ ደረት ወደ ባልዲው፣ ከባልዲው ወደ ክፍቱ የካውያ ቤት በር አየች። አልጮኸችም።

«አንቺም?» አለች።

ካውያ የተዘጋጀችው ለስድብ ነበር። «አንቺም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ወንድምሽ ያደረገውን ነዋ! ያን ዕለት፣ ገና ሲያመጣቸው፣ ደረጃው ላይ ለወጣቸው። መጋዘን ውስጥ አንዳንዶቹ በጥጥ ተጠቅልለው በካርቶን፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እንዲሁ በጆንያ ተደራርበው አየ። በጥጥ የተጠቀለለው ነው ደህናው ብሎ ገመተ። በቁጥሩ በጥጥ የተጠቀለለው ለኛ ነበር የደረሰን።» ኮሚቴዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ማለቱ ከጩኸት ይብስ ነበር። «ሚጡ ሆዷ አይጠናም፣ ለሚጡ ይሁን ብሎ ለአንቺ ሰጠሽ። እኔን አላማከረኝም። የኔ ልጆች ሆድ ከብረት የተሠራ መሰለው! ለሰው ተንፍሼ ከሥራው ላስባርረው? ሳህኔን አጠብኩ፣ ዝም አልኩ።»

ካውያ ማመን አልፈለገችም። እዚያው ቆማ፣ ቀሚሷ ወለሉ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ፣ የሴትዮዋን ፊት እንደተጨማደደ ልብስ አገላብጣ አየችው። ይህቺ ሴት ስብሰባ መርታ ያደገች ናት፣ ነገር ማዞር ታውቅበታለች። ብትዋሽስ? ግን ብትዋሽ ኖሮ ደህናው ሸክላ የሷ ነበረ ማለት ነው፤ የሷ ከነበረ ደግሞ አሁኑኑ መልሺ ትላት ነበር። ኮሚቴዋ ግን የባልዲውን ክዳን በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ አጠበቀችና እንዲህ አለች፦

«እንግዲህ በገዛ እጅሽ ካመጣሽው፣ ባለበት ይቀመጥ።»

ከፍራሹ ላይ ሚጡ «ውሃ» አለች። ኮሚቴዋ ከልማዷ ኩባያውን አነሳች፣ ከቧንቧው ቀዳች፣ ጎንበስ ብላ ለልጅቷ ልታጠጣ ስትል ካውያ ክንዷን ያዘቻት። ሁለቱም ኩባያው ላይ አፈጠጡ። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ገና ከጠዋቱ፣ ከቀድሞው ሸክላ የተንጠባጠበው ነበር።

«ሚጡ ቀኑን ሙሉ የምትጠጣው ከዚህ ነው?» አለች ካውያ። ጥያቄው ከአፏ ሲወጣ መልሱን ታውቀው ነበር። ሲነጋ አምጥታ ትተዋታለች፣ ሲመሽ እንደተኛች ታቅፋ ትወስዳታለች። እሷ ቤት ያለውን ውሃ የምትጠጣው እሷ ብቻ ናት፤ ያለ ሆድ ቁርጠት፣ እንደ ልቧ፣ ለሚጡ የተሰጠውን።

«ታዲያ ከየት ልትጠጣ ኖሯል?» አለች ኮሚቴዋ፤ ቀጥላም ኩባያውን አየችና ቀስ ብላ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «አንዳችን እንኳ አላሰብነው። እሱም አላሰበው። ጀግና ነኝ ብሎ ሲያበቃ፣ ልጅቷ የት እንደምትውል አላሰበም።»

ካውያም ወለሉ ላይ፣ ፍራሹ አጠገብ ተቀመጠች። ሳቅ መጣባት፣ ግን ሳቅ ሆኖ አልወጣም። ጠዋት ከላውንደሪው ጀምራ የገነባችው ክስ ሁሉ፣ ፊት ማዞሩ፣ ጆሮ ማከኩ፣ «ውሃውን ትጠጣለች?» የሚለው ጥያቄ፣ አንድ በአንድ ተገልብጦ በሌላ ፊቱ ያያት ጀመር። እንዲያም ሆኖ ጥርጣሬዋ አልሞተም፤ ቦታ ብቻ ነው የለወጠው። «በጥጥ የተጠቀለለው ደህናው መሆኑን ማን ነገረው?» አለች።

«ማንም። ገመተ አልኩሽ እኮ።»

«ምናልባት ባዶውን ይሆናል በጥጥ የጠቀለሉት። ማንም እንዳይነቃ።»

ኮሚቴዋ አሰበችበት። እንዲህ ያለውን ተንኮል እሷም ብትሆን ታደርገው እንደነበር ፊቷ ላይ ያስታውቃል። «ይሆናል» አለች። «ሁለቱም ባዶ የሆኑ እንደሆነስ?»

«እሱም አይታጣም።»

ከታች ቤት የአንድ ሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ወልዳ ብዙም ያልቆየች ጎረቤት ናት፣ እሷም በስብሰባው ላይ ጣቷን ቀለም ነክራ አትማለች። ካውያ ልቅሶው እስኪቆም ጠበቀች። ልትነግራት ነው? ምን ብላ? የቱ ነው ያንቺ ብትላት ምን ትመልሳለች? ኮሚቴዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች፣ ጆግ አነሳች፣ የስብሰባ ድምጿ ተመለሰላት። «በሁለቱም እናሳልፈው» አለች። «መጀመሪያ በኔ ይውረድ፣ ከዚያ ወስደን ባንቺ እናውርደው። የትኛውም ይሁን ደህናው፣ ውሃው በሱ ማለፉ አይቀርም። ልጆቹ ሁሉ ከዚያ ይጠጣሉ። እስከዚያ ይፈላ። ለታችኛዋም እነግራታለሁ፣ አፍልታ እንድታጠጣ፤ ምክንያቱን እኔ አበጃለሁ፣ ኮሚቴ አይደለሁ?»

«ጋዙስ?»

«ጋዙን ወንድምሽ ያምጣ!»

ሥራው ቀላል መስሏቸው ነበር። የሸክላው ውሃ ግን ልመና የሚፈልግ ይመስል በጠብታ ነው የሚወርደው። አሮጌውን ውሃ ደፉ፣ ባልዲውን በፈላ ውሃ አለቀለቁ፣ አዲስ ሞሉ፣ ጠበቁ። እየጠበቁ ልብሱን አብረው አሰጡ። ካውያ አንዴ ልብስ ስታነሳ ኮሚቴዋ ቀድማ ወደ ማድ ቤት ወርዳ እንደሆነ ለማየት ወደ ደረጃው አንገቷን አሰገገች፤ ኮሚቴዋም ካውያ ቤቷ ገብታ ስትዘገይ «ምን ይሠራል እዚያ?» ብላ ተጣራች። ሁለቱም መጠባበቃቸውን ያውቁ ነበር፣ ሁለቱም አላፈሩም። ፀሐይ ወደ መተላለፊያው ስትዞር የመጀመሪያው ጆግ ሞላ።

ካውያ ጆጉን በሁለት እጇ ይዛ ከወንድሟ ቤት ወጥታ ወደ ራሷ ልትሻገር ስትል ነርሷ ከደረጃው ብቅ አለች። ቀኗ ነበር፤ በጭንቀቱ ሁለቱም ረስተውታል። ቀጭን ልጅ ናት፣ ትንንሽ ጠርሙሶች የያዘ ቀዝቃዛ ሳጥን ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለች። ሦስተኛ ፎቅ መውጣት አድክሟት ቆም አለችና ጆጉን አየች።

«ውሃው ወዴት ነው?» አለች፤ ሰላምታ ይሁን ጥያቄ አይለይም።

ካውያ ጆጉን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ከጀርባዋ የኮሚቴዋ ድምፅ መጣ፦ «አበባ ልታጠጣ ነው።»

ነርሷ መተላለፊያውን አየች። የተሰነጠቀ ሲሚንቶ፣ የተገለበጠ የቀለም ቆርቆሮ፣ የልጆች ጫማ። አበባ ቀርቶ የበቀለ ሣር የለም። ከዚያ ወደ ሁለቱ ክፍት በሮች፣ ከዚያ ወደ ካውያ ያልደረቀ ደረት አየች። እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ሚጡ እንዴት ናት?»

«ሆዷን አሟታል» አለች ካውያ። እዚህ ላይ አልዋሸችም። «ሲስተር፣ ልጠይቅሽ። አንዳንዱ ቤት ባዶ ሸክላ ነው የደረሰው ይባላል። ባዶው የደረሰው ቤት ልጁ ቢታመምስ?»

ነርሷ ቀና ብላ አየቻት። ትከሻዋ ላይ ያለውን ሳጥን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረች። «ማን ቤት የቱ እንዳለ እኔም አላውቅም» አለች። «እንዳላውቅ ተደርጓል። ባውቅ አፌ የሚያስችለኝም አይመስለኝም።» ድምጿን አስተካከለች። «የዘወትር ጥያቄዬን ልጠይቃችሁ። በዚህ ሳምንት በማጣሪያው አጠቃቀም ላይ የለወጣችሁት ነገር አለ?»

«የለም» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

በጋብቻ ከተዛመዱ ጀምሮ በአንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ነርሷ ጻፈች። ከየባልዲው ጥቂት ጥቂት ቀድታ በጠርሙሶቿ ከተተች፣ ቁጥር ለጠፈችባቸው፣ ሚጡን ጎንበስ ብላ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየቻት፣ ነገ ጤና ጣቢያ እንድትመጣ አዘዘች። ካውያ ይህን ሁሉ ጊዜ ጆጉን አላስቀመጠችም። ነርሷ ደረጃውን መውረድ ጀመረችና መሐል ላይ ቆመች።

«አበባው ሲያብብ ንገሩኝ» አለች፣ ቀና ሳትል።

የጫማዋ ድምፅ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ኮሚቴዋ ከበሩ ደፍ ላይ ሆና «ነቃች እንዴ?» አለች። ካውያ ጆጉን ይዛ ቤቷ ገባች፣ የባልዲዋን ክዳን ከፈተችና ውሃውን ሸክላው ላይ በቀስታ ማንቆርቆር ጀመረች። ኮሚቴዋም ተከትላት ገባች፤ አጠገቧ ቆማ እያንዳንዱ ጠብታ መግባቱን በዓይኗ ተከታተለች።